የተዘለለው ጓጉንቸር

ሜዲሲን ቦው፣ ዋዮሚንግ
ጁላይ 10 ቀን 1993

ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ ሮዌና ስትራንድ። የባልሽን ስም ትቼ በአባታችን ስም የጠራሁሽ ሆን ብዬ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ቤት ስለሆነ።

ሰላምታውን አልረሳሁትም። እንደምን ከርመሻል? ዳሌሽ ተሻለሽ ወይ? እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥሽ፣ ልጅሽንም ይጠብቅልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከዚህ ነፋስ በቀር ደህና ነኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ።

በዘንድሮው የአደን ዕጣ ስሜ ወጣ። አንድ የሜዳ ፍየል። በስድሳ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። ማመልከቻውን ማንም ሳያግዘኝ ራሴ ጻፍኩት፤ የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ፊደል ካስቆጠረችኝ አምስት ዓመት ሆነኝ። ስንቱ ዓመት ዓመት እየለመነ ለማይወጣለት ነገር እኔ በመጀመሪያው ወጣልኝ ብዬ ስኩራራ ሰነበትኩ። የነቃሁት ኦርቪል ሱቅ ጥይት ልገዛ ስገባ ነው።

«የትኛው ክልል ደረሰሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሳቀ።

«ቬልዳ፣ እሱኮ ዕድል አይደለም! ለዚያ ክልል የሚያመለክት ስለሌለ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጡታል። የመንግሥቱ መሬት ዙሪያውን በሰው ርስት ታጥሯል። ጨረቃ ላይ ውጪና አድኚ ቢሉሽ ይቀልሽ ነበር።»

«እኔኮ እዚያ ነው የተወለድኩት!»

«ስትወለጂ በር ነበረው፤ አሁን ቁልፍ አለው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ጥይቴን ገዝቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ፒክአፑን አስነስቼ ወደ በራችን ሄድኩ። ወደ ኖራው ተረተር የሚያወጣ ሌላ መንገድ እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ተረተሩ የመንግሥት ነው፣ መንገዱ ግን ያንቺ። የሰንሰለቱ ሥርዓት ትዝ ይልሻል? በሩን የሚጠቀም ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ከሌላው ጓጉንቸር ጋር አያይዞ ሰንሰለቱ ላይ ይጨምራል። ማንም የራሱን ከፍቶ ይገባል፤ እንደነበረም አያይዞ ይቆልፋል። የአንዱን ዘሎ የቆለፈ ያንን ሰው ከሜዳው አባረረው ማለት ነው። አባባ «የሰው ቁልፍ መዝለል የሰው ጉሮሮ መዝጋት ነው» ይል ነበር።

የኔ ተዘሏል። ያንቺ ጓጉንቸርና የባክሊ፣ ያ የአደን መብቱን ያከራየሽው ሰውዬ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የኔ ከሰንሰለቱ ወጥቶ ምሰሶው ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ቁልፌን አስገብቼ አዞርኩት። ተከፈተ። ከፍቼው ምን ላደርግ?

አባባ ርስቱን ለምን ላንቺ እንዳወረሰ አልጠይቅም። በአፉ ነግሮኛል፤ «ወረቀት የሚያነብ ወረቀቱን ይያዝ» ብሎ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንቺ ሞኝ አይደለሽም።

ለባክሊ ጻፊለት። ጓጉንቸሬ ወደ ሰንሰለቱ ይመለስ። አደኑ የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ሌላ ካንቺ የምፈልገው የለም።

እህትሽ ቬልዳ


ፖርትላንድ፣ ኦሪገን
ኦገስት 4 ቀን 1993

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለቬልዳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ልጄ አዲስ ቤት ስለገዛች ዕቃ ሳጓጉዝ ሰንብቼ ነው። እዚህ ዝናቡ አልቆመም፤ ጽጌረዳዎቼ እንኳ ሰልችቷቸዋል። ዳሌዬን ሐኪሙ በሰው ሠራሽ ይቀየር ይላል፤ እኔ ደግሞ እፈራለሁ።

ጽሑፍሽ እንዴት አምሯል! ልጄ አይታ የአስተማሪ እጅ ነው የመሰላት።

ስለ በሩ አስቤበታለሁ። ከባክሊ ጋር የተዋዋልነው የአደኑ መብት የሱ ብቻ እንዲሆን ነው፤ እንግዶቹ ከሩቅ አገር ነው የሚመጡት። እንዴት ብዬ ነው አሁን የምነግረው? ደግሞ ቬልዳ፣ በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን ተረተር ለተረተር? ብትወድቂስ? ሥጋ ከፈለግሽ ንገሪኝ፣ ግማሽ በሬ አስልክልሻለሁ። ምናልባት የሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሲታደስ እናነሳው ይሆናል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከበሩ ወዲያ ባለው ጋጣችን ግድግዳ ላይ አባባ ስሜን በጋለ ብረት የጻፈበት የፍየል ቀንዴ አለ። ልጄ ለሳሎኗ ትፈልገዋለች። ለሱ ከሆነ ባክሊ በሩን ይከፍትልሻል፤ አናግሬዋለሁ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ ሮዌና


ሜዲሲን ቦው
ኦገስት 11 ቀን 1993

ይድረስ ለሮዌና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለጽጌረዳዎችሽም።

ለቀንድሽ በሩ ይከፈታል፣ ለኔ አይከፈትም። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት፤ ፊደል አዲስ ስለሆንኩ የሳትኩት መስሎኝ ነበር። አልሳትኩም።

በአሥራ አራት ዓመቴ መከር ላይ እናታችን አልጋ ያዘች። ከአባባ ጋር ለአደን የመውጣት ተራዬ ነበር። «የሚመጣው ዓመት» አለኝ አባባ። በሚመጣውም ዓመት «የሚመጣው ዓመት» አለኝ። በሦስተኛው አንቺ አሥራ አራት ሞላሽና ከተማ ከምትማሪበት መጥተሽ አንቺን ይዞ ወጣ። እኔ መስኮቱ ዘንድ የእማማን አንሶላ ይዤ ቆሜያለሁ። ስትመለሱ ሁለታችሁም በአንድ ፈረስ ላይ ነበራችሁ፤ እንደ አዲስ አዳኝ ወግ አባባ ግንባርሽን በደም ቀብቶታል፤ ትስቂያለሽ። ፍየሏን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ቀንዱን ቀቅዬ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ጉበቱን ጠብሼ ሳቀርብ አባባ ቀመሰና «ቬልዳ፣ ጨው አነሰው» አለኝ። ያ ቀንድ ነው ለሳሎን የሚሄደው!

በሌላ በኩል መንገድ እፈልጋለሁ ብዬ ሃልቨር ሩድ ዘንድ ሄጄ ነበር። ፈቃድ የሚለምን ባዶ እጁን አይሄድምና የዱር ቼሪ ፓይ ጋገርኩለት። ውሾቹን እስኪጠራ ከመኪናዬ አልወረድኩም፤ ሥርዓቱን አልረሳሁም።

«ሃልቨር፣ በመሬትህ አልፌ ወደ ኖራው ተረተር ልውጣ» አልኩት።

«እስከ ብረቷ ድረስ ሂጂ፤ ከፈለግሽ ድንኳን ትከዪባት» አለኝ ፓዩን እያሸተተ። ብረቷን ታውቂያታለሽ፤ ቀያሾች ለወሰን የተከሏት፣ አራቱ መሬት እንደ መስኮት መስታወት በአንዲት ነጥብ የሚገናኝባት። የሃልቨርና የመንግሥቱ መሬት ማዕዘን ለማዕዘን ይነካካሉ፤ በግራም በቀኝም ያለው ያንቺ ነው።

«አንድ እርምጃ ብሻገርስ? የሮዌናን መሬት በጫማዬ አልነካም።»

«አንድ እግርሽ እኔ ዘንድ፣ አንድ እግርሽ መንግሥት ዘንድ ይሆናል። ቂጥሽ ግን በሮዌና አየር ውስጥ ያልፋል። ባክሊ ደግሞ ለዚያችው አየር ሸሪፍ ይጠራል።»

«ታዲያ ቂጤን ምን ላድርገው?»

«ፓዩን ሁሉ እዚህ ትተሽው ሂጂ፣ ቀስ በቀስ ይቀንሳል» አለኝ ሽማግሌው።

ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ ዓይኔ ያለቀሰው ከነፋሱ ነው።

በመንገድ ላይ የሜዳ ፍየሎች አየሁ። እንደ አጋዘን አጥር አይዘሉም፤ ይንበረከኩና በእሾህ ሽቦው ስር ሾልከው ያልፋሉ። ጀርባቸው ላይ ሽቦው ጠጉር ይነቅላል። ከኛ ግቢ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ሃልቨር። ማንም ሸሪፍ አልጠራባቸውም። እኔ ግን ሰው ነኝ፣ በስርም አልሾልክም። የአባባን ጠመንጃ ጠርጌ ቆርቆሮ እየመታሁ ነው። አልስትም።

የሚቀጥለው ዓመት አትበዪኝ። ይህን ቃል ከዚያ ቤት ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

ቀንድሽን አልነቅልልሽም።

ቬልዳ


ፖርትላንድ
ሴፕቴምበር 1 ቀን 1993

ውድ ቬልዳ፣

ሰላም ብዬሻለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ፤ አሁን እንደ መጣልኝ ልጻፍ።

አንቺ ብቻ የቀናሽ ይመስልሻል። ከተማ ሰው ቤት ተጠግቼ ስማር ማታ ማታ ማን እንደሚያቅፈኝ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ሠላሳ ዓመት ከአባባ ጋር ቁርስ በልተሻል። እኔ በፖስታ ነበር የማገኘው። በየወሩ ይጽፍልኛል፤ ምን ብሎ መሰለሽ? «ቬልዳ የንፋስ ወፍጮውን ብቻዋን ጠገነች። ቬልዳ ጥጃውን በእጇ ጎትታ አወጣች። ቬልዳ ባትኖር በዚህ በረዶ ከብቱ ያልቅ ነበር።» ስለኔ አንድ መስመር ብቻ፤ «አንቺ ደህና ነሽ ወይ?» እንደ ሩቅ ዘመድ። የሆነ ጊዜ ስምሽን ሳየው ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከተው ጀመር። በዚያ ፈረስ ላይ የተቀመጥኩበት አንድ ቀን ብቻ ነው ከሱ ጋር ያለኝ። ቀንዱን የፈለግኩት ለሳሎን አይደለም።

አሁን የምልሽ ይኸውና። ባክሊን እገጥመዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ያንቺ ይሁን፤ እሱ በማግስቱ ይግባ። ግን እኔም ልምጣ። መተኮስ አልፈልግም። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ፤ ወይ እስከምችለው ድረስ አብሬሽ እራመዳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን በር አላየሁትም። እሺ በይኝ፣ እትዬ።

ሮዌና


ሜዲሲን ቦው
ሴፕቴምበር 7 ቀን 1993

ሮዌና፣

ሰላም ነሽ ወይ?

አይሆንም። ጓጉንቸሬን አስመልሺልኝ፣ አንቺ ግን እዚያው ሁኚ። ያንቺ ቀን ላይ እኔ አልነበርኩም፤ የኔ ቀን ላይ አንቺ አትኖሪም። ይኸው ነው ሒሳቡ።

አባባ እንዲያ ስለኔ መጻፉን ዛሬ ሰማሁ። ለኔ አንድ ቀን በአፉ ብሎኝ አያውቅም። ሲያመሰግነኝ እንኳ ምስጋናውን የላከው ላንቺ ነው።

ቬልዳ


ፖርትላንድ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1993

እህቴ ቬልዳ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጓጉንቸርሽ ወደ ሰንሰለቱ ተመልሷል፤ ባክሊ ራሱ አያይዞታል። አኩርፏል፣ ግን ቃሉን ሰጥቶኛል፤ የመጀመሪያውን ቀን ዝር አይልም።

እኔ አልመጣም። እንዳልሽ ይሁን።

ያ አሪቲ የሚመስል ቁጥቋጦ ጤዛ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ አሽትቺልኝ። ጉበቱንም በዚያው ማታ ብዪው፤ አይደር።

ሮዌና


ሜዲሲን ቦው
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1993

ሮዌና፣

እንደምን ገባሽ? በሰላም እንደገባሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የምጠይቅሽ ለወግ አይደለም፤ መንገድ እንደወጣሽ ስለማውቅ ነው።

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ደረስኩ። ጓጉንቸሬ እንዳልሽው በቦታው ነበር፤ በአንድ በኩል ያንቺን ይዟል፣ በሌላው የባክሊን። ከፈትኩ፣ መኪናዬን አስገባሁ፣ ልቆልፍ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ባክሊን አላመንኩትም። አንቺንም አላመንኩሽም። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ ሳብኩና በኔ ጓጉንቸር ብቻ አጋጠምኳቸው። ያንቺም የባክሊም ተያይዘው ከጎን ተንጠለጠሉ። ሁለታችሁንም ዘለልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ እጄ ግን አልዘገየም።

ኖራው ተረተር ላይ ወጥቼ በሆዴ ተኛሁ። ፀሐይ ስትወጣ ከታች በኩል መንጋ አየሁ፤ ነጭ ቂጣቸው ያበራል። አንድ ወንድ አለባቸው፣ ቀንዱ ጥቁር፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። በአጥሩ ስር እስኪሾልክ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ከሽቦው ወዲያ ያንቺ ነው፣ ከሽቦው ወዲህ የመንግሥት፣ ማለትም የኔ።

በርቀት መነጽሩ እሱን ስከተል በሩ ዘንድ ነጭ መኪና አየሁ።

ባክሊ መጣ ብዬ ደሜ ፈላ። የመኪናው በር ሲከፈት የወረደችው ግን ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። እዚህ አገር ቢጫ የዝናብ ካፖርት የሚለብስ የለም፤ ዝናብም የለም። አንድ ዳሌዋን ጥላ ቆመች። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትናደጂ እንዲያ ነው የምትቆሚው።

ዐየሁሽ፣ ሮዌና። ቁልፍሽን አስገባሽ። አዞርሽው። ተከፈተ። ከፍተሽው ምን ታደርጊ? ጓጉንቸርሽን በእጅሽ ይዘሽ ረጅም ጊዜ ቆምሽ። በበሩ ላይ ልትወጪ አንድ እግርሽን አነሳሽ፤ አልሆነልሽም። መልሰሽ አወረድሽው። ወደ ተረተሩ ዓይንሽን አንስተሽ ስትመለከቺ ያየሽኝ መስሎኝ ጭንቅላቴን ደፋሁ።

ብወርድ ኖሮ እደርስልሽ ነበር። መንጋው ይሸሻል እንጂ እደርስ ነበር። አልወረድኩም። እኔ ሃምሳ ዓመት ቆሜያለሁ፤ አንቺ አንድ ማለዳ ነው የቆምሽው።

ወንዱ ፍየል ተንበረከከ፣ በሽቦው ስር ሾለከ፣ ወደኔ ወገን ሲነሳ ጎኑን ሰጠኝ። ተኮስኩ። ጥቂት ሮጦ ወደቀ። ከዚያ መነጽሩን ወደ በሩ ስመልስ ነጩ መኪና አቧራ ብቻ ሆኗል።

ሥጋውን እየጎተትኩ ስወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ምሰሶው ላይ፣ የኔ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት በነበረው ሽቦ፣ በፎጣ የተቋጠረ ፓይ ታስሯል። ለገዛ በርሽ ፓይ ይዘሽ መጣሽ። ፈቃድ ለማኝ ባዶ እጁን አይሄድም።

ሊጡ እንደ ድሮው ወፍራም ነው። የሆነ ሆኖ በላሁት።

ቬልዳ


ፖርትላንድ
ኦክቶበር 20 ቀን 1993

ቬልዳ፣

ሰላም ላንቺ።

አልመጣም ብዬ ስለመጣሁ የምቆጣበት አፍ የለኝም። ባክሊ ነው የዘለለኝ ብዬ ነበር፤ እስከ ከተማ ድረስ ስረግመው ሄድኩ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከእህቴ ይልቅ ሌባ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ተኩሱን ሰምቻለሁ። መኪናዬን ሳስነሳ ነበር። አንድ ብቻ። ሁለተኛ እንደማያስፈልግሽ አውቄያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነው አባባ ይጽፍልኝ የነበረው። በብዙ ነገር ቀንቼብሻለሁ፣ በዚያች ጥይት የቀናሁትን ያህል ግን ቀንቼ አላውቅም። መሬቱ በስሜ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት ከመንገድ ዳር ሆኜ ነው።

ቀንዱ ይቅር። አትላኪው።

ጉበቱ እንዴት ነበር?

ሮዌና


ሜዲሲን ቦው
ኖቬምበር 2 ቀን 1993

ይድረስ ለእህቴ ለሮዌና፣

እግዚአብሔር ዳሌሽን ይማርልሽ። ሐኪሙ ያለውን ስሚና አስቀይሪው፤ አትፍሪ።

ጉበቱን በዚያው ማታ ብቻዬን በላሁት። ጨው አላነሰውም። አነሰው የሚለኝ ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም፤ እንዲያ ዝም ያለ ገበታ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሥጋውን በብልቃጥ አሽጌዋለሁ፤ ለሃልቨርም ደርሶታል። ኦርቪል ሱቅ ገብቼ አንዱን ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። «ምንድነው?» አለኝ። «የጨረቃ ፍየል ነው፤ ከወደድክ ብላ» አልኩት። ብልቃጡን ወሰደ።

የፍየሌን ቀንድ ጋጣው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ያንቺ ካለበት በስተቀኝ አባባ ኮፍያውን የሚሰቅልበት ሚስማር አለ፤ እዚያ። ስሜን በጋለ ብረት ራሴ ጻፍኩበት። ካንቺው ይበልጣል፣ በስንዝር ለክቼዋለሁ። ልትናደጂ ትችያለሽ።

አሁንም እቀናብሻለሁ። በዚያ ፈረስ፣ በዚያ ደም፣ በመሳቢያሽ ውስጥ ባሉት የአባባ ደብዳቤዎች። ከአጥንቴ የሚወጣ አይመስለኝም፤ እንዲወጣም አላለቅስም።

ሰንሰለቱን አስተካክዬዋለሁ። የባክሊ አለ፣ ያንቺ አለ፣ የኔ ካንቺው ጋር ተያይዟል። እኔ ሳልኖርም በቁልፍሽ ይከፈታል፤ ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ አሁን ቀንዱን ስሰቅል ጋጣው ውስጥ ባገኘሁት የአባባ መለዋወጫ ቁልፍ። በረዶው ሲሄድ ነይና ግቢ። ፒክአፑ እስከ ተረተሩ ግርጌ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እደግፍሻለሁ። ያን ቁጥቋጦ ራስሽ አሽትቺው፤ ለሰው የሚሸተትለት ነገር አይደለም። ደብዳቤዎቹን ይዘሻቸው ነይ፤ ስለኔ ያለውን በራሴ ዓይን ላንብበው።

ይህን ወረቀት የምትመልሺው በእግርሽ ነው። ፓዩን ተዪው፣ ሊጥ አትችይም።

እኔም ከእንግዲህ አልጽፍልሽም።

ቬልዳ